በብልቃጥ የተጠራቀመ ባሩድ

እናቴ እህል በረንዳ ጤፍና ምስር ትሸጥ ነበር፤ እኔም ከጎኗ ቆሜ ስሰፍር ነው ያደግሁት። ዓይኔን ጨፍኜ ብሰፍር እንኳ አሥሩም ጣሳ እኩል ይወጣል። ጉራ ይመስላል፤ ይምሰል። ሜልበርን ከገባሁ በኋላ እንግሊዝኛዬ ተሰባብሮ የፋብሪካው አለቃ አንዱን ነገር ሦስቴ ሲያስደግመኝ የምጽናናበት ነገር ቢኖር ይኸው እጄ ነበር።

በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ ውስጥ ሜድስቶን የሚባል የሜልበርን ሰፈር ስንኖር ከአጥር ማዶ ሚስታቸው የሞቱባቸው አንድ የአገሩ ሽማግሌ ነበሩ። እኔ ‘ጋሼ’ እላቸዋለሁ፤ ትርጉሙን ስነግራቸው ደስ ብሏቸው ተቀበሉት። እሳቸው ‘ላቭ’፣ ‘ፍቅሬ’ እንደማለት፣ ይሉኛል። እዚህ አገር የአውቶቡስ ነጂውም እንደዚያው ስለሚል ባለቤቴ አልተቀየመም።

አንድ ቅዳሜ ከአገር የመጣ በርበሬ ለአምስት የቤተ ክርስቲያን እህቶች በረንዳ ላይ ሳካፍል ጋሼ አጥሩን ተደግፈው ያዩኛል። ስጨርስ ሚዛን ይዘው መጡና አምስቱንም ከረጢት መዘኑ። እኩል ነው። ቀኝ እጃቸውን ዘረጉልኝ። ጣቶቻቸው ይንቀጠቀጣሉ።

“አርባ ዓመት ዒላማ ተኳሽ ነኝ” አሉኝ። “ጥይቴን የምሠራው ራሴ ነኝ፤ የሱቁ እርስ በርሱ አይመሳሰልም። አሁን ግን ይህ እጅ ባሩድ መመዘን አልቻለም። አንቺ ትመዝኚልኛለሽ?”

ደሜ ፈላ። “ጋሼ፣ እኔ እኮ ጥይት ሸሽቼ ነው እዚህ የመጣሁት” አልኩና ገብቼ በሬን ዘጋሁ።

በማግሥቱ አንድ ወረቀት በበር ሥር አስገብተውልኛል። የተተኮሰበት ዒላማ ነው። ዘጠኝ ቀዳዳዎች መሐሉ ላይ በአንድ መዳፍ ልክ ተሰብስበዋል፤ አሥረኛዋ ብቻ ወጣ ብላለች። በአርባ ዓመት ውስጥ ዘጠኝ ብዙ ጊዜ አግኝተዋል፤ አሥር አንድም ቀን አላገኙም። ጀርባው ላይ እንዲህ ብለው ጽፈዋል፦ ‘የምወጋው ወረቀት ብቻ ነው። በዚህ ዓመት አሥር ካላገኘሁ ጠመንጃውን እሸጠዋለሁ።’ እውነቱን ልናገር፣ ልቤን የመለሰው ልመናቸው አይደለም። ያቺ አንዷ ያፈነገጠች ቀዳዳ አናደደችኝ። ሲሰፍር ያደገ ሰው እንዲህ ያለ ነገር አይቶ ማለፍ አይችልም።

የተኩስ ክለባቸው ውስጥ አስመዘገቡኝ፤ ለፈቃዱ ፖሊስ ጣቢያ ሄጄ ፎርም ሞላሁ። ባለቤቴ “ጥይት ሠሪ ሚስት እያለችኝ ከእንግዲህ ማን ይናገረኛል!” እያለ አበሻ በሚበዛበት ፉትስክሬይ ላገኘው ሰው ሁሉ አወራ።

ሥራው የሚሠራው ከጓሯቸው ባለች የቆርቆሮ ቤት ነው። የተተኮሰ ቀለህ ይታጠባል፣ በመጭመቂያ ልኩን ይይዛል፣ አፉ ይስተካከላል። ቂጡ ላይ እሳት የምትጭረው ትንሽ ቆብ ትገባለች። ከዚያ ባሩዱ ተመዝኖ ይጨመርና አረሩ አፉ ላይ ይተከላል። ጠመንጃ እንደ ሰው የራሱ አመል አለው፤ የሚወደውን የባሩድ ልክ ለማግኘት ጋሼ ከዝቅተኛው ይጀምሩና በጥቂት በጥቂቱ ከፍ እያደረጉ በየልኩ አምስት አምስት ጥይት ያዘጋጃሉ። ቅዳሜ ይተኩሷቸዋል፤ ቀዳዳዎቹ በየትኛው ልክ እንደተጠጋጉ አይተው ደብተራቸው ላይ ይጽፋሉ። የእኔ ድርሻ ሚዛኑ ነበር። የሚዛኑ ምላስ መስመሩ ላይ ልክ ሲቆም ጋሼ “ጉድ!”፣ በእንግሊዝኛው ‘ጥሩ’ ማለታቸው ነው፣ ብለው ወደ ደብተራቸው ይዞራሉ፤ እኔ ባሩዱን ወደ ቀለሁ እገለብጣለሁ። ሬዲዮናቸው ያንጎራጉራል፤ አንዳንዴ ሰዓቱ ሳይታወቀን ያልፋል። ከሺፍት ደክሞኝ ስገባ እንኳ እዚያች ቆርቆሮ ቤት መግባት ያስደስተኝ ነበር።

ዒላማው ግን ከቅዳሜ ቅዳሜ ከፋ። ቀዳዳዎቹ ወደ ላይና ወደ ታች ተበታተኑ፤ ያለ እኔ ከተኮሱት ከዚያ ከመጀመሪያው ወረቀት የባሰ ሆነ። ጋሼ ቀለሁን ለወጡ፣ አረሩን ለወጡ፤ ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ። ከአምስተኛው ቅዳሜ በኋላ ደብተራቸውን ገልጠው ትተውት አየሁ። በተንቀጠቀጠ ጽሑፍ ‘ባሩዱ አይደለም። እጄ ነው’ ይላል። ጠመንጃውን የሚገዛቸው ሰው እንዳገኙም ነገሩኝ፤ የዓመቱ የመጨረሻ ውድድር እንዳለፈ ሊወስድ ነው። አዘንኩላቸው፤ ለራሴም ከፋኝ።

በዚያው ሰሞን ምስር ልገዛ ፉትስክሬይ አንድ የእኛ ሰው ሱቅ ገባሁ። ባለሱቁ ጎረምሳ ነው። አንድ ኪሎ መዘነ፤ ትንሽ ስላለፈበት በጣቱ ቆንጥሮ ወደ ጆንያው መለሰ።

“ምን እያደረግህ ነው?” አልኩት።

“ኦቨር ሆነ እኮ፣ እትዬ። አንድ ኪሎ አይደል ያሉኝ?”

“ምራቂውስ?”

“ውይ እትዬ፣ እዚህ አውስትራሊያ ነው! ሚዛኑ ኤግዛክት ነው።”

“እናትህ ይህን ብታይ በሐፍረት ትሞት ነበር!” አልኩና እጄን ጆንያው ውስጥ ከትቼ፣ ራሴው ቆንጥሬ ከረጢቱ ላይ ጨመርኩ። ጣቶቼ አየር ላይ እንደተቆነጠሩ ቀሩ። ይህን ያደረግሁት ዛሬ ብቻ አልነበረም። ጋሼ “ጉድ!” ብለው ወደ ደብተሩ በዞሩ ቁጥር፣ ከጣሳው ባሩድ በጣቴ ቆንጥሬ ቀለሁ ላይ ጣል አደርግ ነበር። በርበሬውን ሳካፍል ድርሻ ስለሆነ ምራቂ የለውም፤ ለሰው ስሰፍር ግን እጄ ልክ ላይ ማቆም አያውቅም። የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ።

ምስሩን ይዤ በቀጥታ ጋሼ በር ላይ ቆምኩ። እንግሊዝኛዬ ጠፍቶኝ በጣቴ እየቆነጠርኩ አሳየኋቸው። ፊታቸው ቀላ። እንደዚያ ሲቆጡ አይቻቸው አላውቅም።

“ከፍተኛው ልክ ላይ ብንሆን ኖሮ ጠመንጃው ፊቴ ላይ ይፈነዳ ነበር! ከዝቅተኛው ስለጀመርን ነው የተረፍነው። ገብቶሻል?”

ገብቶኛል። ቆሜ አለቀስኩ። ጋሼ ወደ ቆርቆሮው ቤት ገቡ፤ ተከተልኳቸው። ያልተተኮሱትን ጥይቶች አንድ በአንድ አረራቸውን ነቅለን ባሩዳቸውን መዘንን። አንዱም ከአንዱ አይገጥምም። ደስ ባለኝ ቀን ብዙ፣ በደከመኝ ቀን ጥቂት መርቄያለሁ። የመጨረሻውን ከመዘኑ በኋላ ጋሼ ቀስ ብለው ተቀመጡ።

“ታዲያ እጄ አይደለም?”

“አይደለም ጋሼ። የእኔ እጅ ነው።”

ደብተሩን ገለጡና ‘እጄ ነው’ የሚለውን ሰረዙት። ያቺን መስመር ለማስመር ጊዜ ወሰደባቸው፤ እኔም ለማገዝ አልደፈርኩም። ከዚያ ለምን እንዳደረግሁት ጠየቁኝ። በገበያችን ልክ ብቻ ሰፍሮ የሚሰጥ ሰው እንደ ንፉግ እንደሚታይ፣ ሻጭ ከሒሳቡ ውጭ ጥቂት ጨምሮ ገዢውን ደስ እንደሚያሰኝ አስረዳኋቸው። “ምራቂ አይቆጠርም፤ ከተቆጠረማ ሽያጭ ሆነ” አልኳቸው። ሳቁ። ክዳን ያላት ትንሽ ብልቃጥ አምጥተው ከሚዛኑ አጠገብ አስቀመጡና “እጅሽ እምቢ ሲልሽ እዚህ ጣይው” አሉኝ።

ከዚያ ወዲያ ባሩዱን በልኩ እገለብጣለሁ፣ ጣቶቼን እቆነጥራለሁ፣ ወደ ብልቃጧ እጥላለሁ። ጋሼም ከደብተራቸው ቀና ሳይሉ “ምራቂ?” ይሉኛል፤ “ምራቂ” እላቸዋለሁ። በሦስት ሳምንት ውስጥ ጠመንጃው የሚወደው ልክ ተገኘ፤ አምስቱም ቀዳዳዎች በአንድ ሳንቲም ሥር የሚሸፈኑ ሆኑ። ለውድድሩ አሥር ጥይት አዘጋጀን። ብልቃጧም ለአንድ ጥይት የሚበቃ ባሩድ አጠራቅማ ስለነበር መዝነን አሥራ አንደኛ ሠራናት።

የተኩስ ሜዳው ከዊንድሃም ቬል ወዲያ ነው፤ ያኔ አካባቢው ገና ደረቅ ሣር ብቻ ነበር። በዚያ ክለብ ደንብ ተኳሹ ከውድድሩ በፊት አንዲት የመሞከሪያ ጥይት ይፈቀድለታል። ከወደዳት ያስቆጥራታል፣ ከዚያም ዘጠኝ ብቻ ይተኩሳል፤ ካልወደዳት ይተዋትና አሥር ይተኩሳል። መወሰን ያለበት ግን እዚያው ነው። ጋሼ ጠመንጃውን አሸዋ ከረጢት ላይ አስደግፈው ተኙ፤ ጣታቸው ቢንቀጠቀጥም ጠመንጃው አይነቃነቅም። ለመሞከሪያ ያጎረሱት የብልቃጧን ጥይት ነበር። ተኮሱ። መሐል ላይ አረፈች።

“ትቆጠር?” አላቸው ነጥብ መዝጋቢው።

“አይ” አሉ ጋሼ።

አሥሩን መተኮስ ጀመሩ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት... ዘጠኙም መሐል ገቡ። እግዚአብሔርን በሆዴ እየለመንኩ ነበር፤ ለወረቀት ጸሎት አይገባም የሚል ካለ ይቅር ይበለኝ። በአሥረኛዋ ነፋሱ ከጎን መታ፤ በአንድ ጣት ወርድ ወጣች።

ሄጄ አጠገባቸው ተንበረከክሁ። “ጋሼ፣ የመጀመሪያዋን ቢያስቆጥሯት ኖሮ ከዘጠኙ ጋር አሥር ይሞላልዎት ነበር እኮ! አርባ ዓመት ሙሉ የጠበቁት!”

አቧራቸውን እያራገፉ ተነሡ። ፊታቸው ላይ ቁጭት ፈለግሁ፤ አላገኘሁም።

“እሷ ምራቂ ናት” አሉኝ፣ ቃሉን በራሳቸው አነጋገር እያጣመሙ። “አይቆጠርም ብለሽኝ የለ?”

ስንመለስ መኪና ውስጥ የማስበው ጠመንጃውን ሊወስድ የሚመጣውን ሰው ነበር። ሰኞ ከሺፍት ስመለስ ጋሼ አጥሩ ጋ ቆመዋል። ሰውየውን እንዳይመጣ ደውለው ነግረውታል። እጃቸውን በአጥሩ ላይ ዘረጉልኝ፤ የታጠበችው ብልቃጥ በጣቶቻቸው መካከል እየተንቀጠቀጠች ነበር።

“ባዶ ናት፣ ላቭ” አሉኝ። “ቅዳሜ ነይ።”