ዓይናችንን ጨፍነን ጨረቃ ስትወጣ

አሌክሳንድራ ሰፈር ያለው ሱቃችን ከተዘረፈ ወዲህ ባለቤቴ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ደጅ አትወጣም ነበር። ትሮይቪል ሰፈር በተከራየንበት ግቢ ውስጥ እንኳ ልብስ ከገመድ ላይ ለማንሳት የምትልከው እኔን ነው። ቁጡ ሰው ነኝ፤ በዚህ ግን አንድም ቀን አልተቆጣኋትም። ሽጉጡ የተደገነው በእሷ ላይ ነበር።

የግቢያችን አንጋፋ ተከራይ ሸክላ የሚሠሩ ጃፓናዊት አሮጊት ናቸው። ሁላችንም እንደ ዙሉዎቹ «ጎጎ» እንላቸዋለን፤ አያቴ ማለት ነው። መስከረም ላይ ከጎረቤት ጋር ተቀምጦ ሙሉ ጨረቃ ማየት የአገራቸው ወግ ነው። እዚያ የመከር ወቅት ነው፤ እዚህ ገና ብርዱ መልቀቁ ነው፤ እሳቸው ግን ግድ የላቸውም።

ዘንድሮ እኔን ለዚሁ ወግ የሚሆነውን ላባ የመሰለ ረጅም ሣር ሰፈራችን አጠገብ ካለው የማዕድን ማውጫ የአፈር ቁልል ሥር አጭደህ አምጣልኝ አሉኝ። ባለቤቴን ደግሞ ጣታቸው አልታዘዝ ስላላቸው የወጉን የሩዝ ሊጥ እንድታድቦለቡልላቸው ለመኗት። ደስ ብሏት አድቦለቦለች። ሊጡ ደጅ፣ ጨረቃ ፊት እንደሚቀመጥ ስትሰማ ግን ፊቷ ተለዋወጠ። እኛ ጴንጤዎች ነን።

«ሶሪ ጎጎ፣ ለጨረቃ ነው እንዴ የሚቀርበው?»

«ስለ አዝመራው ምስጋና ነው፣ ልጄ።»

«ምስጋናውስ ጥሩ ነው። ግን ጨረቃን ለፈጠራት ይሁን!»

«እንግዲያው አንቺ ጸልዪበት» አሏት። ተንኮል ይሁን የዋህነት እስከ ዛሬ አልገባኝም፤ ብቻ እግዜር ይስጣቸው።

ኩሽና ውስጥ ትጸልያለች ብዬ ስጠብቅ ትሪውን አንስታ ወጣች። ፀሐይ ልትጠልቅ ነው፤ ጎረቤቶቻችን ተሰብስበዋል። «ዓይናችንን እንጨፍን» ብላ ጀመረች። ባለቤቴ አንዴ ጸሎት ከጀመረች ማን ያስቆማታል? ስለ ሩዙ አመሰገነች፣ ስለ ጎጎ ጣቶች፣ ስለ ጎረቤቶቹ። በሕይወት ስለ መትረፏ ስታመሰግን አለቀስኩ። አሜን ብለን ዓይናችንን ስንገልጥ ጨረቃ ከጣሪያዎቹ በላይ ወጥታለች። ሊያያት የመጣ ሰው ሁሉ አወጣጧ አመለጠው! ጎጎ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ።

ባለቤቴ ዙሪያዋን ቃኘች። ጨልሟል። እጇን ያዝኩና «እንግባ?» አልኳት። እሷ ግን ወደ ጎጎ ዞረች።

«ነገስ ትወጣለች?»

«ትወጣለች፤ ትንሽ ትዘገያለች እንጂ። ቁጭ ብሎ መጠበቅ ነው።»

ባለቤቴ ወንበር ሳበችና አጠገባቸው ተቀመጠች።

«ነገ እኔም እጠብቃታለሁ» አለች።