ማኅበር የፈረሰባቸው አዳኝ

ጋሽ ቅምሻ ቃታውን ሳቡ። ድኩላው ወደቀ ሲሉ ተነሳና ጥሻው ውስጥ ጥልቅ ብሎ ጠፋ። ቦታው ላይ ደርሰው ሲያዩ ቅጠሉ ላይ ደም አለ፤ ጠቆር ያለ፣ ከሆድ የሚወጣ ደም። እንዲህ ያለውን ደም የትኛውም አዳኝ ያውቀዋል፤ እንስሳው አይተርፍም፣ ቶሎም አይሞትም። ቀኑን ሙሉ እየተሰቃየ ይውላል።

«አይ አንተ ሽማግሌ!» አሉ ለራሳቸው። «ምን አባህ ልትሠራ መጣህ?»

ቅምሻ የሚለው ስም የወጣላቸው በደጉ ጊዜ ነው። ያኔ የጡብ ፋብሪካ ሠራተኛ ነበሩ፤ በእረፍት ቀናቸው ግን ጫካ ካልገቡ አይሆንላቸውም። አድነው ሲመለሱ ታዲያ ለጎረቤት ሳያካፍሉ እህል አይቀምሱም። «ለቅምሻ ነው፣ ለቅምሻ» እያሉ በየደጁ ያድላሉ። እሳቸው ቅምሻ ያሉት ሥጋ ድስት ይሞላል። የአዳኞች ማኅበሩ ስብሰባ ሲጠራ አዳራሹ ሞልቶ ሰው በመስኮት ያዳምጥ ነበር።

ከዚያማ ምን ይወራል! አንዱ ሞተ፣ አንዱ ልጆቹ ጋ ከተማ ገባ፣ ፀጉር አስተካካዩ «ወገቤን» ብሎ ጠመንጃውን አስረከበ። ልጆቻቸው እንዳይተኩ ጭቃ መርገጥ አይወዱም፤ ሥጋ የሚያውቁት በላስቲክ ተጠቅልሎ ነው። ደንቡ ደግሞ የአደን ፈቃድ የሚሰጠው ለማኅበር አባል ብቻ ነው ይላል። አባሉ ሲመናመን ማኅበሩ ፈረሰ፣ ማኅበሩ ሲፈርስ ፈቃዱ ቀረ። እስቲ ፍረዱ! አዳኝ ሆነው የተኙት ሰውዬ ሲነሱ ሕገወጥ ሆነው ተገኙ። ጫካው ያው ነው፣ ጠመንጃው ያው ነው፣ ሰውየውም ያው ናቸው።

መጀመሪያ እሺ ብለው ተቀምጠው ነበር። በኋላ ባለቤታቸው ታመሙና ሆዳቸው በቀዶ ጥገና ተከፈተ። ሐኪሙ ሲያሰናብታቸው «ሥጋ ይብሉ፣ ደምዎ አንሷል» አላቸው። አለ እንጂ ሥጋውን አብሮ አልሰጣቸው! በጡረታ ደግሞ የሥጋ ቤት ደጃፍ አይረገጥም። ሴትዮዋ ዓይናቸው እያየ ሲመነምኑ ጋሽ ቅምሻ አላስቻላቸውም፤ ጠመንጃቸውን አወረዱ። ለራሳቸው ሕግ አወጡ። ለሆድ ብቻ እንጂ አይሸጥም፤ ወንዱ እንጂ እንስቷ አትነካም። «ይሄ ስርቆት አይደለም» ይሉ ነበር በሆዳቸው። ለጎረቤት ማካፈሉ ግን ቀረ። ከየት አመጡት ቢባሉ ምን ይመልሳሉ? በራቸውን ዘግተው መብላት ጀመሩ፤ ከሁሉም ያሳፈራቸው እሱ ነው።

የባሰው ጣጣ ደግሞ አማቻቸው ነው። የሴት ልጃቸው ባል የደን ጠባቂ ነው። የደን ጥበቃ ጣቢያው አለቃ ተኩስ እየሰማ በግኗል። «ይሄ ሰው የአንዳችሁ ዘመድ ነው። ስደርስበት እሱን ብቻ አይደለም፣ የሸፈነለትንም ጠባቂ ከሥራ አባርሬ አስከስሰዋለሁ» ብሎ ጠባቂዎቹን ሰብስቦ አስጠንቅቋል። አማቻቸው ይህን የነገራቸው እሳቸው ቤት ገበታ ላይ ቀርቦ፣ ያንኑ ሥጋ እያላመጠ ነው። ጋሽ ቅምሻ ትን አላቸው።

አሁን እዚያው ደሙ አጠገብ ቆመው ጥሻውን ያያሉ። ድሮ ቢሆን አንድ ጊዜ ማፏጨት ነበር፤ ከየአቅጣጫው አዳኝ ውሻውን እየጎተተ ይመጣል። ያቆሰሉትን ጥሎ መሄድ በአዳኝ ዘንድ ነውር ነውና ማንም ሥራ አለብኝ አይልም። ዛሬ ለማን ይፏጫል? በአካባቢው ደም የሚያነፈንፍ ውሻ የቀረው አንድ ነው፣ እሱም የአማቻቸው።

ወደ ቤታቸው መንገድ ጀመሩ። ማን አየኝ? ዝም ብል ማን ያውቃል? ትንሽ እንደሄዱ ቆም አሉ። ከጥሻው ማዶ የፋብሪካው ሴቶች ሥራ ሲገቡ የሚያቋርጡት መንገድ አለ፤ የቆሰለ ወንድ ድኩላ ደግሞ ቀንዱን ይዞ ሰው ላይ ይመጣል። «ምነው እጄን በቆረጠው» አሉና ወደ አማቻቸው ቤት ዞሩ።

አማቻቸው ሥራ ሊገባ በረንዳው ላይ ጫማውን ያስራል።

«አባባ! በደህና ነው? እማማ ምን ሆኑ?»

«እሷ ደህና ናት። ውሻህን ፈልጌ ነው።»

ጠባቂው ጠመንጃቸውን አየ። እጃቸው ላይ ያለውን ደም አየ። ፊቱ አመድ መሰለ።

«በእግዜር፣ እኔ ነኝ እንዳይሉኝ።»

«እኔ ነኝ። ቆስሎ ጥሻ ገብቶብኛል። ኋላ ትጮህብኛለህ፣ አሁን ውሻውን ፍታ።»

«ያ... ስንበላው የከረምነው?»

«አዎ።»

«ልጆቼንም አበሉልኝ?» ሚስቱ ውስጥ እንዳትሰማ ድምፁን ዋጠ እንጂ ሊጮህ ምንም አልቀረው። «አለቃው ያለውን ነግሬዎታለሁ እኮ! አሁን ወደ ጣቢያ ሄጄ ካላመለከትኩ ሸፋኝ ነኝ። ከመሬት ተነስተው ጉድ ሠሩኝ፣ አባባ!»

«እውነትህን ነው። ጣቢያው ግን ሩቅ ነው፣ ሴቶቹ ደግሞ አሁን ይመጣሉ።»

ጠባቂው አንድ ጊዜ ወደ ቤቱ፣ አንድ ጊዜ ወደ ጫካው አየ። ከዚያ ውሻውን ፈታ።

ተያይዘው ጥሻው ውስጥ ገቡ። ውሻው አፍንጫውን መሬት ላይ ተክሎ ገመዱን ይጎትታል። ደሙ አንዴ ይታያል፣ አንዴ ይጠፋል። ከማዶ የሴቶቹ ሳቅና ወሬ መሰማት ጀመረ። ጋሽ ቅምሻ እርምጃቸውን አፈጠኑ። አንዷን ቢወጋትስ? ያንን ተሸክመው እንዴት ይኖራሉ?

ውሻው ቀጥ አለ። ቁጥቋጦው ተንኮሻኮሸ።

«አይተኩሱ!» አለ ጠባቂው። «ለእኔ ይተዉት።» ቀረብ ብሎ፣ በደንብ አይቶ አንድ ጊዜ ተኮሰ። የሴቶቹ ወሬ ቆመ፣ ቀጥሎ እግሬ አውጪኝ ሲሉ ተሰማ። ከዚያ ሁሉም ጸጥ አለ።

ጋሽ ቅምሻ እፎይ ብለው ቅርንጫፉን ገለጥ አደረጉ። ያዩትን ማመን አቃታቸው። ቀንድ የለም። ጡቷ ወተት አግቷል።

«ቀንድ አይቼ ነው የተኮስኩት» አሉ። «በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ!»

ጠባቂው በጣቱ ወደ ላይ አመለከተ። ከዚያው ከወደቀችበት በላይ ደረቅ ቅርንጫፍ ተንጨባሮ ቆሟል፤ እንዲህ ያለውን ነው ቀንድ ያሉት። ማኅበሩ እያለ የአደን ወቅት ሊገባ ሲል አባል ሁሉ ኢላማ ይተኩስ ነበር። የሳተ፣ ሹም ይሁን ሽማግሌ፣ ያን ዓመት ቤቱ ይውላል። ፈታኙ እሳቸው ነበሩ፤ ስንቱን የዕድሜ ጓደኛቸውን «ዓይንህ ደክሟል፣ ቅር አይበልህ» ብለው መልሰዋል። እሳቸውን የሚመልስ ሰው ግን አልተረፈም። ድኩላ ሳይሆን እንጨት ልትለቅም ያጎነበሰች ሴት ብትሆንስ ኖሮ? ይህ ሲመጣባቸው ጠመንጃውን መሬት ላይ አስቀመጡት።

«ይሂዱ» አለ አማቻቸው። «በወንዙ በኩል ይሂዱልኝ። ሞታ አገኘኋት፣ ገዳዩን አላየሁም እላለሁ።»

«ግልገሏስ?»

«አባባ፣ ሰው ሳይመጣ ይሂዱ!»

«ግልገሏን አምጣና እሄዳለሁ።»

ውሻው አገኘው። ቁጥቋጦ ሥር ገብቶ ከመሬቱ ተጣብቆ ተኝቷል። እናቱ እስክትመጣ እንዳይንቀሳቀስ ነውና የለመደው፣ ጋሽ ቅምሻ ሲያነሱት እንኳ አልተፈራገጠም። አለቀሱ። እንባቸውን ለመደበቅም አልሞከሩ።

ወላጅ ያጣ ግልገል በጡጦ የሚያድገው ጣቢያው በረት ውስጥ ብቻ ነው። ጠባቂው እጁን ዘረጋ። «ይስጡኝና እኔ ልውሰደው።»

«ይዘኸው ስትገባ አለቃህ እናቱን ማን ገደላት ይልሃል። አንተ ደግሞ ውሸት አታውቅበትም። ልጄን ልትጠይቅ የመጣህ ቀን ‹መጠጥ አልቀምስም› ስትል ላብ ነው ያጠመቀህ፤ እየተንተባተብክ ነው ልጄን የዳርኩልህ።»

ጠባቂው ሳይወድ ፈገግ አለ፤ ወዲያው ዓይኑ እንባ ሞላ። «ምን ይሻላል ታዲያ?»

«ጠመንጃዬን ያዝ። ከኋላዬ ሁንና ና።»

ግልገሉን ኮታቸው ውስጥ ሸጉጠው ፊት ፊት ሄዱ። የፋብሪካው በር ላይ የቆሙት ሴቶች አዩአቸው። የድሮ ባልደረቦቻቸው «ጋሽ ቅምሻ፣ ምን ሆኑ?» ሲሏቸው ግልገሉን ደገፍ አድርገው አለፉ።

አለቃው ሻይ እየጠጣ ነበር። ግልገሉን አየ፣ ሽማግሌውን አየ፣ ሁለት ጠመንጃ ያነገተውን ጠባቂ አየ።

«አማትህ አይደሉም እንዴ?»

«ናቸው።»

«እናቱን ማን ገደላት?»

«እኔ ነኝ» አሉ ጋሽ ቅምሻ።

አለቃው ብርጭቆውን አስቀመጠ። ዓይኑ ግን ከጠባቂው ላይ አልተነሳም። «አንተ ይዘሃቸው ነው ወይስ ቤትህ መጥተው አማክረውህ ነው? ሁለቱ ይለያያል።»

ጠባቂው አፉን ከፈተ። ጋሽ ቅምሻ ቀደሙት።

«ይዞኝ ነው! ተኩሱን ሰምቶ ደረሰብኝ። ለመንኩት፣ የልጅ ልጆቼን ስም ጠርቼ ለመንኩት፣ እንቢ አለ። እንዲህ ያለ ጨካኝ አማች አይስጣችሁ!» ከዚያ ወደ ጠባቂው ዞሩ። «ሚስቴን ቤትህ ውሰዳት። ብቻዋን እንዳትውል።»

አለቃው መሳቢያውን ስቦ ካቴና አወጣና ጠረጴዛው ላይ ወደ ጠባቂው ገፋው።

«እንግዲያው አንተ ነህ የያዝካቸው፣ አንተው እሰራቸው።»

ጠባቂው ካቴናውን አነሳ። ጣቱ አልታዘዘው አለ፤ የብረቱ ጥርስ አንዴ ይገባል፣ አንዴ ይወጣል። ጋሽ ቅምሻ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ጠጋ አሉትና በጆሮው አንሾካሾኩ።

«አጥብቀው ልጄ፣ አለቃህ እያየህ ነው።»