የአስካለን ግድግዳ የፋቀው ነፋስ

ዛሬ ጠዋት ነጠላዬን አጣፍቼ፣ ጫማዬን አስጠርጌ እድር ስብሰባ ብሄድ አንድም ሰው አጣሁ። የእኛ እድር የሚሰበሰበው በወሩ የመጨረሻ እሑድ ነው፤ እኔ አንድ እሑድ ቀድሜ ተገኘሁ። ሰባ ዓመት አልፎኝ ለምንም ነገር ቀድሜ ደርሼ የማላውቅ ሰው፣ ጥፋቴን ልናገር ቸኩዬ ቀን ሳትኩ። ሰዎቹ የዘገዩ መስሎኝ በምንሰበሰብበት ዛፍ ሥር አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩና፣ ድምፄ እንዳይንቀጠቀጥ ልለማመድ ብዬ የጻፍኩትን ለሁለት ፍየሎች ማንበብ ጀመርኩ። አንደኛዋ እስከ ሁለተኛው መስመር በትዕግሥት ሰማችኝ። ከዚያ ጠጋ አለችና ወረቀቱን ከእጄ ነጥቃ በላችው።

ስለዚህ እንደገና ልጻፈው። ይህን ነገር እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም። ለነፍስ አባቴ እንኳ ጾም መግደፌን፣ ጎረቤት ማማቴን ስቆጥርላቸው ቆይቼ እዚህ ጋ ስደርስ ሳል ይይዘኝ ነበር። እናንተ የምታነቡት ግን ስስል አትሰሙኝም፤ ለዚህ ነው የመረጥኳችሁ።

የአስካለን ግድግዳ የፋቅሁት እኔ ነኝ። ነፋስ አይደለም። እሷም አይደለችም። እኔ ነኝ።

አስካለ ከእኔ ሦስት አጥር አልፋ የምትኖር፣ ባሏ የሞተባት፣ በሰው ማሳ ሽንኩርት እያረመች፣ ማሾ እየለቀመች አንድ ልጇን ያሳደገች ሴት ናት። ሁለት ዓመት ሊሆነው ነው፤ ቤቷ ሊወድቅባት ሲል ሰፈሩ ደቦ ወጣላት። የአጥር ጎረቤቷ ሰይድ የጤፍ ጭድ በአህያ ጭኖ አመጣ። ወጣቶቹ ጭቃ ረገጡ፣ ሴቶቹ ውኃ ቀዱ፤ ዕድሜዬን በሙሉ ጭቃ መራጊ የነበርኩት እኔ ደግሞ በርጩማ ላይ ቆሜ መረግሁ። ጣሪያውንም ጠጋገንን። ቤቱ ቤት ሆነ። ለሸዋ ሮቢት ሙቀት የሚበጀው እንዲህ ያለ ነው፤ ወፍራም ጭቃ፣ ጣሪያው ሥር ደግሞ ትኩሱ አየር የሚወጣበት ክፍተት።

ብዙም ሳይቆይ የቴሌቪዥን ሰዎች መጡ። የድሃ ቤት አፍርሰው አዲስ ሠርተው የሚሰጡ፣ ሲሰጡም የሚቀርጹ ናቸው። አዘጋጁ ወጣት ልጅ ነው፤ ሰው አገናኝቶን ቀድሞ በስልክ ተነጋግረን ነበር። ወደ አስካለ ይዤው ሄድኩ። ዞር ዞር ብሎ አየና ራሱን ነቀነቀ።

“ጋሼ፣ ይሄ እኮ ደህና ቤት ነው። ካሜራ ላይ አያሳዝንም።”

ወደ አጣዬ በኩል ቤቱ ተቃጥሎበት ከነልጆቹ ሸራ ሥር የሚኖር ሰው እንዳዩም ነገረኝ። ይኼኔ “ልክ ነህ ልጄ፣ ወደ ባለ ሸራው ሂድ” ማለት እችል ነበር። ለምን አላልኩም? ልጁ በስልክ “ቤቱ ሲመረቅ ሽማግሌ ሆነው የሚመርቁት እርስዎ ነዎት፤ አገር ያይዎታል” ብሎኝ ነበራ። ከዚያ ወዲህ መስታወት ፊት ቆሜ ስመርቅ የሰነበትኩ ሰው ነኝ፤ ሚስቴ ከማን ጋር እንደማወራ ግራ ገብቷት ነበር።

“ሐሙስ ተመለስ። ሐሙስ የምታየው ሌላ ነው” አልኩት።

ልጁ ምን ማለቴ እንደሆነ የገባው አይመስለኝም። ገብቶትም ከሆነ፣ የእሱን ኑዛዜ እሱ ይጻፍ።

ረቡዕ አስካለ ልጇን ይዛ ጀውሃ ሄደች። ሰፈሩ ማሳ ወርዶ ስለነበር የሚያየኝ አልነበረም፤ በጓሮ ገባሁ። ገና ያልጠነከረውን ምርጊት፣ በገዛ መዳፌ ያለሰለስኩትን ምርጊት ፋቅሁት። የፊቱን ፋቅሁ፣ የጎኑን ፋቅሁ፣ ማገሩ እስኪታይ ፋቅሁ። ሁለት ቆርቆሮ ከምስማሩ አላቅቄ ጓሮ ጣልኩ። ሰፈር ሙሉ ሰው ሁለት ቀን የለፋበትን እኔ ብቻዬን ከቁርስ እስከ ምሳ ጨረስኩት። የሚያሳፍረኝ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? እየፋቅሁ “ለእሷ ብዬ ነው” እል ነበር። ለእሷ ብዬ ቢሆን፣ መጀመሪያ እሷን አልጠይቃትም ነበር? ባለ ሸራውንስ ለማን ብዬ ነው ያስቀረሁት? ስሙን እንኳ አላውቀውም።

ስትመለስ አየችው። ዘንቢሉን ከእጇ ለቀቀችው።

“ጋሼ፣ ቤቴ ምን ሆነ?”

“ነፋስ ነው” አልኳት። “ኃይለኛ ነፋስ ተነሥቶ።”

በእኛ ቆላ ነፋስ ቆርቆሮ ሲያነሣ ያላየ የለም፤ አመነችኝ። በነጋታው ካሜራው ሲደርስ ስታለቅስ አገኛት። አገር ያየው እንባ ያ ነው። እንባው እውነተኛ ነበር። ውሸቱ አጠገቧ ቆሞ “አይዞሽ” እያለ ትከሻዋን ሲያሻሽ የታየው ሽማግሌ ነው።

ከዚያ ቤቱን ጭራሽ አፍርሰው ሠሩት። ምን ልበላችሁ? የወለሉ ሴራሚክ ፊት ያሳያል። ጣሪያው ዝቅ ብሎ በጂፕሰም ተደፍኗል፤ ከመሐሉ ለአዳራሽ የሚሆን መብራት ተንዠርግጓል። መስኮቱ ከዳር እስከ ዳር መስታወት ሆኖ የሚከፈተው ጥጉ ላይ መዳፍ የምታህል ብቻ ናት። ሶፋው ነጭ ነው፤ ሽንኩርት አርማ ለምትገባ ሴት ነጭ ሶፋ። ቴሌቪዥኑ ከአልጋዋ ይሰፋል። እኔም መረቅሁ። በቴሌቪዥን ሲተላለፍ ግን አፌን ከፍቼ ገና “እግዚአብሔር” ከማለቴ ሙዚቃ ገባብኝ፤ ሚስቴ ያዛጋሁ መስሏታል።

ዛሬ አስካለ ሶፋውን በላስቲክ ሸፍና መሬት ትቀመጣለች። ከሰዓት በኋላ ቤቱ እንደ ዳቦ ምድጃ ስለሚግል ጠፍር አልጋዋን አውጥታ ጥላ ሥር ትውላለች። ባሻገር የሰይድ እናት ጣሪያ በክረምት ያፈሳል፤ የአስካለ ቤት ጌጥ ወጪ ብቻ የሰፈሩን ጣሪያ ሁሉ ይደፍን ነበር። የሰጡትን ሰዎች አልሰድብም፤ ከኪሳቸው ያወጡ፣ ከልባቸው ያለቀሱ አሉ። ያየሁትን ግን እናገራለሁ። እንዲህ ያለው ዝግጅት መርዳት አይበቃውም፤ ማስደነቅ አለበት። የኋለኛው ቤት እንዲያስደንቅ የፊተኛው ማስለቀስ አለበት። አስካለ ጣሪያና ግድግዳ ነበራት፤ ያ ለካሜራ አልበቃም። የሚያስለቅሰውን ያቀረብኩላቸው እኔ ነኝ።

ዝግጅቱ የተላለፈ ቀን ሰፈሩ እዚያው አስካለ ቤት፣ በዚያው ሰፊ ቴሌቪዥን ተሰብስቦ አየ። የተፋቀው ግድግዳ ከቅርብ ተቀርጾ ጭረቱ ሳይቀር ብቅ ሲል ሰይድ ከመቀመጫው ተነሣ።

“ያ እኮ የኛ ምርጊት ነው። ወላሂ፣ ነፋስ እንዲህ አይፍቅም። ነፋስ ጥፍር አለው እንዴ?”

ሁሉም ወደ አስካለ ዞረ። “ነፋስ ነው፤ ጋሼ ነበሩ፣ እሳቸው ይጠየቁ” አለች። ወደ እኔ ዞሩ። እኔ ምን አልኩ? “እኔ ምን አውቃለሁ፤ እግዜር ያውቃል” አልኩ። እግዜር ማወቁ እውነት ነው። እኔም አውቅ ነበር።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ለካሜራ ብላ የሰው ድካም ያፈረሰች ሴት ሆነች። ውኃ ልትቀዳ ስትወርድ “አስካለ፣ ለእኛም ያን ነፋስ ላኪልን እንጂ” ይሏታል። ደቦ አይጠሯትም፤ ብትጠራም አይመጡላትም። እኔን ግን እስከ ዛሬ ክርክር ሲነሣ ሽማግሌ ብለው ያስቀምጡኛል።

አሁን ልጇ ልትዳር ነው። ሰርጉ እድሩ ከሚሰበሰብበት እሑድ በሳምንቱ ነው። እኛ ሰፈር ዳስ የሚጥለው ጎረቤት ነው፤ አንዱ ቋሚ፣ አንዱ ሸራ፣ አንዱ አግዳሚ ያመጣል። አስካለ በየቤቱ ዞረች፤ እሺ ያላት የለም። ሰይድ “የቴሌቪዥኖቹን ጥሪያቸው፤ እነሱ ያምርላቸዋል” አላት። በመጨረሻ እኔ ዘንድ መጣች።

“ጋሼ፣ ሰው ካልመጣ ልጄን በየት በኩል ልሸኛት? እዚያ መስታወት ቤት ውስጥ ለብቻችን?”

“ይመጣሉ” አልኳት። እንዴት እንደሚመጡ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ሰይድ እውነቱን ቢሰማ ቋሚውን ተሸክሞ የሚቀድመው እሱ ነው፤ ሰዉም ይከተለዋል።

ስለዚህ በሚቀጥለው እሑድ ይህን ወረቀት ከፍየል አርቄ ይዤ እሄዳለሁ። አስካለ ከፊት እንድትቀመጥ አደርጋለሁ፤ ሰይድ ባለበት እቆማለሁ፤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነባለሁ። ሳል ቢይዘኝ እስኪያልፍልኝ ጠብቄ እቀጥላለሁ። የእድሩ ሰዎች፣ ሽማግሌ ነው ብላችሁ አትለፉኝ፤ ያን ቀን ግድግዳ ለመፋቅ ጉልበት አላነሰኝም። ቀልዱም ያሥቃችሁ እንጂ ከፍርድ አያስጥለኝ። ቅጣት ካለ ቅጡኝ። ከሽማግሌነትም አውጡኝ። ለእሷ ግን ዳሱን ጣሉላት።

አንድ ነገር አለ፤ ፍየሏ በበላችው ወረቀት ላይ አልጻፍኩትም ነበር። ያን ረቡዕ ጠዋት አስካለን በሯ ላይ አገኘኋትና ዶማ አውሺኝ አልኳት።

“ለምንዎ ነው፣ ጋሼ?”

“ጎመኔን ልኮተኩት።”

ገብታ አመጣችው። እጀታው ተሰንጥቆ ስለነበር እጄን እንዳይወጋኝ ከቀሚሷ ጫፍ ብጫቂ ቀድዳ ጠምጥማ ሰጠችኝ። ግድግዳዋን የፋቅሁት በእሱ ነው። ረስታው ይሁን ወይም ሌላ ነገር፣ አንድ ቀንም መልስ ብላኝ አታውቅም። ዶማው እስከ አሁን ከነጨርቁ እኔ ቤት፣ በሩ ጀርባ ቆሟል።