አርባዋ ሳይወጣ የተላጨ ጢም

ዓመቱን በትክክል አላስታውሰውም። መንግሥት ከተለወጠ በኋላ ነው፤ ገርጂ ገና ሜዳ በሜዳ ሆና፣ በክረምት ጭቃዋ ጫማ የምታስቀር ጊዜ። ከዚያ ወዲያ ግን ይህ ዓመት ነው ብዬ አልምልም። ባለፈው ሳምንት መድኃኔዓለም አካባቢ መስታወት በመስታወት የሆነ ፀጉር ቤት ገብቼ፣ አስተካካዩ ላጭቶኝ ሲጨርስ መዳፉ ላይ አልኮል ጠብ አድርጎ አገጬን መታ መታ ሲያደርገኝ ነው የመጣብኝ። ያ ሽታ። ቅዝቃዜው ሳይለቀኝ እኔ ሮም ደርሼ ነበር።

የዚያን ጊዜ ጎሚስታ ነበርኩ። ከመገናኛ ወደ ገርጂ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ በቆርቆሮ በተሠራች ቤት ጎማ እለጥፋለሁ፣ ነፋስ እሞላለሁ። አውሮፕላን በአናታችን አልፎ ቦሌ ሊያርፍ ሲል ቆርቆሮው ይንቀጠቀጣል። የልጆቼ እናት ምሳዬን ይዛልኝ ስትመጣ ሽቅብ አይታ «ይሄ ደግሞ ማንን አመጣ?» ትላለች፤ መልስ አትጠብቅም። ትልቋ ልጃችን ሮም አንዲት አሮጊት ታስታምም ነበር። አሮጊቷ ደግ ሰው ኖራ ለሁለታችንም የግብዣ ወረቀት ፈረመችልን። ቪዛው ወጣ። የልጆቼ እናት ለመንገዱ ብላ ነጠላ አስጠለፈች። ከዚያ አንድ ሰኞ ጠዋት ራሴን ብላ ተኛች፤ ማክሰኞ ቀበርናት።

ልጅቷን ማን ይንገራት? ባለሱቁ ጋ ስልክ ነበረ። ታናሽ ወንድሜ «ደውለን እንገላገል» አለ። እኔ እንቢ አልኩ። መርዶ ጎህ ሲቀድ፣ ሰው ተሰብስቦ፣ ስትወድቅ የሚይዛት እጅ ባለበት ነው የሚነገር። በሰው አገር ቀፎ ይዛ ብቻዋን ትውደቅ? ስትደውል «እናትሽ ጠበል ገብታለች» እያልን አቆየናት። የጉዞው ቀን ሲደርስ ግን አርባዋ ገና አልወጣም ነበር። ጎረቤት ተቆጣ። «ተዝካሯን ጥለህ ሽርሽር?» ያለችኝም አለች። 

ጥቁሩን ልብስ አውልቄ የወንድሜን ቡናማ ኮት ለበስኩ። የሐዘን ጢሜ ግን ቀረ። ልጅቷ ገና ከሩቅ ስታየው ይገባታል። ገርጂ ያለው ፀጉር ቤት ሄድኩ። አስተካካዩ ምላጩን እንደያዘ ቆመ።

«ጋሼ፣ አርባዋ ሳይወጣ?»

«ላጨኝ።»

«ኧረ እኔ እጄን አላስገባም።»

«ላጨኝ አልኩህ፤ ኃጢአቱ በእኔ ይሁን።»

ላጨኝ። አልኮሉን ሲቀባኝ ፊቱን ወደ በሩ አዙሮ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ተነሣሁ። አውሮፕላን ውስጥ ስገባ ያ የመጀመሪያዬ ነው፤ ዕድሜዬን ሁሉ ከሥሩ ኖሬ። በመስኮቱ ቁልቁል የእኔን ቆርቆሮ ፈለግኩ፤ ከየት ይገኛል? ዛሬ እኔ ሳልኖር ተንቀጠቀጠ ማለት ነው አልኩ። ቀበቶውን አስሬ ፈታሁት፣ ፈትቼ አሰርኩት። እግሬ አላርፍ አለኝ። የልጆቼ እናት ብትኖር በምትቀመጥበት በኩል አንዲት ሻሽ ያሰረች የወሎ ሴት ተቀምጣለች፤ ጫማ ነጋዴ ናት፤ ሮም ሰው ቤት የምትሠራ እህት አለቻት። ምግብ መጣ፤ አልነካሁትም።

«ወንድሜ፣ ምነው አትበላም? ጾም ላይ ነህ?»

«አይ፣ አላሰኘኝም።»

ሹካዋን አስቀመጠችና ፊቴን ትክ ብላ አየችው። ከጉንጬ በላይ ፀሐይ ያጠቆረው ነው፤ ጢሙ የነበረበት ደግሞ ፈዛዛ። እኔ ራሴ መስታወት ፊት ቆሜ ልብ አላልኩትም ነበር።

«ማን ሞቶብህ ነው?» አለች ቀስ ብላ።

ለማላውቃት ሴት ሁሉንም ነገርኳት። ስጨርስ «አብሽር» አለችኝ። «እና ብቻህን ልትነግራት ነው?»

«እዚያ ማንን አውቄ?»

«ወላሂ አይሆንም። እሷን አንተ ትይዛታለህ እንበል፤ አንተንስ ማን ይይዝሃል?»

ይህን ማንም አልጠየቀኝም ነበር። ልጄ አድራሻዋን ጽፋ የላከችልኝን ብጣሽ ወረቀት ተቀብላ አየችውና፣ «እህቴ ሰፈሩን ታውቀዋለች» አለች። «ነገ እሑድ ነው፤ እዚያ ያሉት የአገራችን ልጆች ሥራ የላቸውም። ጎህ ሲቀድ በሩ ላይ ጠብቀን። እስከዚያ ጥርስህን ነክሰህ ሳቅላት።»

ልጄ መውጫው ላይ ቆማ ነበር። አቅፋኝ ስታበቃ ከኋላዬ አየች። እንደገና አየች።

«እማዬስ?»

«ጠበሉን ሳልጨርስ አልሄድም አለች።»

«ቪዛ ወጥቶላት? አሁን ይሄ ምን ይባላል!»

«እሷን ታውቂያት የለ?»

ተቆጣች፤ ከዚያ ጉንጬን ዳሰሰችኝና «ተላጭተህ ወጣት መስለሃል» ብላ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ።

ቤት ቁጭ ማለት አልቻልኩም። «ደክሞሃል፣ አረፍ በል» ትለኛለች፤ እኔ «ኧረ ከተማውን አሳይኝ» እላለሁ። የውኃ ፏፏቴ አሳየችኝ፣ ደወል ይደወላል፣ ርግብ ይነሣል። ዓይኔ ግን ዳር የቆሙት መኪናዎች ጎማ ላይ ነበር፤ ይሄ አልቋል፣ ይሄ ነፋስ ይጎድለዋል። አንድ ሱቅ ገብታ ሰማያዊ ሹራብ አነሣችና በእኔ ትከሻ ላይ ለካችው።

«እማዬን ይጠባት ይሆን?»

«ልክ ነው።»

«አይ፣ አሁን ወፍራለች መሰለኝ።»

«ልክ ነው አልኩሽ።»

ገዛችው። መንገድ ላይ ከአንድ ጎሚስታ ደጅ ስናልፍ የማስቲሹና የተቃጠለው ጎማ ሽታ አፍንጫዬ ውስጥ ገባ። የእኔው ቤት ሽታ። እግሬ ተተከለ። እዚያው ልነግራት አፌ ተከፍቶ ነበር። ባለቤቱ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ምን ልታዘዝ የሚል መሰለኝ፤ ከቋንቋው የማውቀው ደግሞ የጋራዥ ዕቃ ስም ብቻ ነው። «ካቻቢቴ» አልኩት። ጠመንጃ የሚያክል ብሎን መፍቻ አምጥቶ ሰጠኝ። ልጄ በሳቅ መንገዱ ላይ ቁጢጥ አለች። እናቷን እንደዚያ አድርጎ ነው ሳቅ የሚጥላት። አፌን ዘጋሁ።

ሳይነጋ ተነሥቼ «አየር ልቀበል» ብዬ ወረድኩ። ብርሃኑ ገና ግራጫ ነው፤ ከሆነ ቦታ የዳቦ ሽታ ይመጣል። ባይመጡስ? እስከ ጥግ ሄጄ እመለሳለሁ፣ እንደገና እሄዳለሁ። ለመንገደኛ ሴት ቃል ልጄን አስይዤ ቆሜያለሁ እኮ።

መጡ። ግድግዳውን ተከትለው፣ ነጠላቸውን እንደ ለቅሶ ለብሰው። የትግራይ ልጆች አሉ፣ የወሎ አሉ፣ አንዷ የአዲስ አበባ ልጅ፣ አንድ ሽማግሌም ይዘዋል። ነጋዴዋ ቀድማ ደረጃው ሥር ያዘችኝ።

«ስሟ ማን ነው?»

«የማን?»

«የሟች ነዋ። ስሟን ሳናውቅ እንዴት አድርገን እናልቅስላት?»

ከቀብሯ ወዲህ በአፌ አልጠራሁትም ነበር። «ዘነበች» አልኩ። ሴትየዋ ክርኔን ያዘችኝ፤ እስከ ላይ ድረስ አልለቀቀችም።

ልጄ በሩን ከፈተች። ነጠላዎቹን አየች። እኔን አየች፤ አገጬን።

«አባዬ፣ ጠበል አላልከኝም?»

ከዚያ በኋላ ያለውን አልነግርህም። የወደቀችበት እጅ ግን ብዙ ነበር። ዘነበችን በዓይናቸው ያላዩ ሰዎች «ዘነቡ፣ ዘነብዬ» እያሉ፣ ጎረቤቶቿ እንደነበሩ ሁሉ አለቀሱላት። በመጨረሻ እኔም አለቀስኩ። ሹራቡ ወንበሩ ላይ እንደታጠፈ ነበር።

አርባዋን እዚያው አሰብንላት፤ ጢሜም እዚያው አደገ። ነጋዴዋ ጫማዋን ገዝታ ስትመለስ ልትሰናበተን መጣች። ያኔ ነው ስሟን ሳልጠይቃት መቅረቴ ትዝ ያለኝ።

«ምን ያደርግልሃል?» አለች።

«እኔም አንድ ቀን ላለቅስልሽ ብፈልግስ?»

«አንተ ሟርተኛ! እኔማ ቀብሬህ ነው የምሄድ» ብላ ሳቀችና ነገረችኝ።

አገር ቤት ገብቼ ፈለግኳት፤ ሱቋን ዘግታ ወሎ ገብታለች አሉኝ። ትኑር ትሙት አላውቅም። አልኮሉ አገጬን ሲያቃጥለኝ ግን ስሟ ከአፌ አምልጦኝ ኖሯል።

«ማንን ጠሩ፣ አባባ?» አለኝ አስተካካዩ፣ በመስታወቱ ውስጥ እያየኝ።

«ሰዓዳን» አልኩት።