የእትዬ ዘሃራ ሃርድ ዲስክ

ሌባ አልተያዘበት፣ ተአምር አልታየበት፤ ይህ ለአንባቢ የሚነገር ነገር ነው ወይ ብዬ ደጋግሜ አመንትቻለሁ። የገጠመኝ በዚህ ዓመት፣ ለመንፈቅ ዓመት እረፍት ሸዋ ሮቢት ቤተሰቦቼ ዘንድ ሄጄ ሳለ ነው። እስካሁን ኮምፒውተር ላይ ፍላሽ በሰካሁ ቁጥር ትዝ ይለኛል።

ገና የአንደኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። የሰፈራችን ሰው ግን ዩኒቨርሲቲ የገባ ሁሉ ኮምፒውተር የሚጠግን ይመስለዋል። እኔም እምቢ ማለት አልችልም።

ጎረቤታችን እትዬ ዘሃራ በሻሽ የጠቀለሉትን ሃርድ ዲስክ ይዘው መጡ። የልጃቸው የሰርግ ቪዲዮ አለበት። አጣዬ የነበረው ቤታቸው ሲቃጠል ፎቶው ሁሉ አብሮ ስለጠፋ፣ የሟች ባለቤታቸው መልክና ድምፅ የቀረው ዲስኩ ላይ ብቻ ነው።

«ነገ ልጄ ልጆቿን ይዛ ትመጣለች። አያታቸውን አያውቁትም» አሉኝ።

በተዋስኩት ላፕቶፕ ላይ ሰካሁት። የዲስኩ መብራት እንኳን አልበራም። በሌላኛው ቀዳዳ ሞከርኩ፤ ላፕቶፑን አጥፍቼ አበራሁ፤ ምንም የለም። ይባስ ብሎ ቅድም ይሠራ የነበረው የራሴ ፍላሽም እምቢ አለ። ላፕቶፑ ደግሞ የጓደኛዬ ነው። ሙቀቱ ይሁን ድንጋጤው እንጃ፣ ላቤ ይንጠባጠባል።

«ምነው፣ አልከፈት አለ?» አሉ እትዬ።

«ኮምፒውተሩ አላወቀውም፣ እትዬ።»

«እንዴት ያውቀዋል? ዛሬ ገና መተያየታቸው! ትንሽ ታገሺው እንጂ።»

ሳቄ አልመጣም። ተነሳሁ፣ ተቀመጥኩ፤ ዲስኩን ጆሮዬ ላይ አድርጌ አዳመጥኩ። ገመዱን ስነቅል ጣቴን አዳለጠኝ። ጫፉን አሸተትኩት።

«እትዬ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ቫዝሊን ነዋ! ብረት አይደል? ወበቃችን እንዳያዝገው ውስጡን ሳይቀር በየጁምዓው እቀባዋለሁ» አሉ ኮራ ብለው።

«በደንብ ጠብቀውታል፤ ብቻ ከመሰካቱ በፊት መጠረግ አለበት» አልኳቸው። ላፕቶፑን አጥፍቼ፣ ስንጥር ላይ ጥጥ ጠቅልዬ፣ ቫዝሊን የነካቸውን የላፕቶፑንና የዲስኩን ቀዳዳዎች፣ የገመዱንም ጫፎች በአልኮል ጠረግሁና እስኪደርቁ ጠበቅሁ። አንዷ ቀጭን ብረት ብትታጠፍ አለቀ።

ስሰካው መብራቱ ብልጭ አለ። ቪዲዮውን ከፈትኩ። ነጭ ኮፍያ ያደረጉ ሽማግሌ፣ ሟቹ ባለቤታቸው፣ እጃቸውን ዘርግተው ለሙሽሮቹ ዱዓ ያደርጋሉ። እትዬ ዘሃራ ወዲያው መዳፋቸውን ዘረጉ። ሰርገኛው «አሚን» ሲል እሳቸውም እዚህ «አሚን» አሉ። እኔም ሳላስበው በራሴ አፍ «አሜን» አልኩ።

አሁን ቫዝሊኑን ሳስታውስ እስቃለሁ፤ በሳቄ መሀል ግን ሆዴ ይባባል። ያን ያህል ያስጨነቀን የእትዬ ቸልተኝነት ሳይሆን ስስታቸው ነበር። ቪዲዮውን ስልካቸው ላይም ጭኜላቸው፣ የልጅ ልጆቻቸው ከበውት ሲያዩ አይቼ እፎይ ያልኩት በማግስቱ፣ የካቲት 9 ቀን ነው።