የሌንሳ አባ ኮዳ

ልጅ ሳለሁ ቤታችን ትምህርት ቤት ነበር። አዳማ ውስጥ፣ ከመናኸሪያው ብዙም በማይርቅ ሰፈር፣ ሳሎናችንንና መኝታ ቤታችንን ለእናቴ መዋዕለ ሕፃናት ለቀን፣ እኛ ሰርቪስ ቤት ውስጥ ተጣበን እንኖር ነበር። ሰው ኬጂ ሲባል የሚጠብቀው ጥቁር ሰሌዳ፣ አለንጋና በአንድ ድምፅ የሚጮኽ ፊደል ነው። እናቴ ክፍል ውስጥ ግን አንዱ ሳፋ ውስጥ ውኃ ሲገለብጥ፣ ሌላው በአሸዋ ጋራ ሲሠራ፣ ሁለቱ ደግሞ በጣሳ የውሸት ወጥ ሲያማስሉ ይውላሉ፤ እሷ አጭር የእንጨት ዱካዋን ይዛ ልጆቹ በሄዱበት ትከተላለች። ልጅ ቋንቋ የሚለምደው የሚናገረው ነገር ሲኖረው ነው ትል ነበር። እውነቷን ነው። ኦሮምኛ ተናጋሪዋ ልጅ ሳፋው ጋ «ቢሻን» እያለች ውኃ ስትቀዳ፣ አጠገቧ ያለችው በሳምንቱ «ቢሻን ጨምሪልኝ» ትላለች፣ ማንም ሳያስተምራት። ይህን ለወላጅ ማስረዳት ግን ጭንቅ ነበር። «ቲቸር፣ ልጄ ሀ ሁ ሳትል ሰኔ ሊደርስ ነው እኮ» የሚሉ እናቶች በር ላይ ሲቆሙ የእናቴ ፊት እንዴት እንደሚለዋወጥ በመስኮት አይ ነበር።

እኔ ያኔ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነኝ፤ ሦስተኛ ክፍል፣ በንባብ የሚደርስብኝ የለም ብዬ የማምን ጉረኛ። ከትምህርት ቤት ስመለስ አብዛኞቹ ሕፃናት ወደየቤታቸው ሄደዋል። የሚቀሩት እናቶቻቸው ዱከም ፋብሪካ የሚሠሩት ነበሩ። እነዚያ እናቶች ጎህ ሳይቀድ በሚኒባስ ሄደው የሚመለሱት ጀንበር ከጠለቀች በኋላ ነው። እስከዚያ ልጆቹን የምትጠብቀው ሞግዚታችን እማማ ዘይነባ ነበረች፤ በወጣትነቷ ከወሎ መጥታ አዳማ የቀረች፣ ልጁን ሁሉ «ሆዴ» የምትል ሴት። «ቢስሚላሂ» ብላ ከሰሏን ታቀጣጥልና በቆሎ እሸት ትጠብስልናለች፤ መብራት ሲጠፋ፣ ያኔ ደግሞ የማይጠፋበት ምሽት ጥቂት ነበር፣ ፋኖሱን መስኮቱ ላይ ታስቀምጣለች፤ የከሰሉ ጢስ ከተጠበሰው እሸት ሽታ ጋር ተቀላቅሎ ፀጉራችን ውስጥ ያድራል።

እማማ ዘይነባ ማታ ማታ ተረት ታወራልን ነበር ብል ትንሽ መዋሸት ይሆንብኛል። ተረቱ የልጆቹ ነበር። እያንዳንዱ ልጅ ቀን ሲጫወት ያገኘውን አንድ ነገር፣ ቁልፍም ይሁን ድንጋይ፣ ጭኗ ላይ ያስቀምጣል። እሷ ዕቃውን በፍሙ ብርሃን ታገላብጥና ሁለት ሦስት ቃል ትጀምርለታለች፤ ከዚያ ዝም ትላለች። «ከዚያስ?» ትላለች ቀስ ብላ። ልጁ ጅቡ ሳሙና በላ ካለ ጅቡ ሳሙና ይበላል፤ ማንም አይስቅበትም፣ ማንም አያርመውም። ልጁ ዝም ካለ እሷም ዝም ብላ እሸቱን ታገላብጣለች፤ መጠበቅ አይሰለቻትም ነበር።

የእኔ ሥራ መጻፍ ነው። እናቴ አንድ ደብተር ሰጥታኝ «እንዳሉት ነው የምትጽፊው፤ እንዳትጨምሪ፣ እንዳትቀንሺ» ብላኛለች። ጸሐፊ በመባሌ እንዴት እንደኮራሁ!

ሌንሳ አምስት ዓመቷ ነበር። እናቷ ዱከም ሥራ ስታገኝ ከአዳሚ ቱሉ ይዛት መጣች። ሁለት ወር ሙሉ ቃል አልወጣትም፤ ሳፋው ጋ ተቀምጣ ሌሎቹን ስታዳምጥ ትውላለች፤ እናቴም ተናገሪ ብላ አላስጨነቀቻትም። አንድ ምሽት ግን ድንገት ተነሥታ እማማ ዘይነባ ጭን ላይ አንድ ረጅም ግራጫ ላባ አስቀመጠች። የአባ ኮዳ ላባ ነው፤ ያ ቄራ አካባቢ የሚቆመው፣ አንገቱ ሥር የቆዳ ከረጢት የሚያንጠለጥለው ትልቅ ወፍ። «አንድ አባ ኮዳ ነበረ» አለች እማማ ዘይነባ፤ ቀጥላም በኦሮምኛ «ሰና ቦዳ ሆ?» አለቻት፣ ከዚያስ ማለቷ ነው። ብዙ ጠበቅን። ሌንሳም ግማሹን በኦሮምኛ፣ ግማሹን ሳፋው ጋ በለቀመችው አማርኛ ተናገረች። አባ ኮዳው በየጠዋቱ አዮን፣ እናቷን፣ ይውጣታል። በከረጢቱ ይዟት ወደ ዱከም ይበርራል። ማታ መጥቶ አፉን ሲከፍት አዮ ትወጣለች፤ ግን ደክሟታል፣ ትተኛለች። አንድ ቀን አባ ኮዳው ይዟት እንዳለ ረሳ። ዝም ብሎ በረረ። ልጅቷ ከፋኖሱ ጋር ቀረች። «ከዚያስ?» አለች እማማ ዘይነባ። «ሂን ቤኩ» አለች ሌንሳ። አላውቅም።

ሌንሳ እናቷ መጥታ ከወሰደቻት በኋላ እማማ ዘይነባ ወደ እኔ ዞረች። የሌንሳ እናት ልጅቷን አዳሚ ቱሉ አያቷ ዘንድ ልመልሳት ወይስ ትቆይ እያለች ስታወላውል እንደሰነበተች ነገረችኝ። «ይቺን ነገር እናቷ መስማት አለባት። የወላጆች ቀን አንብቢላት፣ ሆዴ። እንዳለችው።»

እንዳለችው አላነበብኩም። በዚያ ወር ሦስት ልጆች ከእናቴ ለቀው ፊደል በጩኸት ወደሚያስቆጥረው ኬጂ ሄደው ነበር፤ እናቴ ማታ ማታ ከማንም ጋር አታወራም። ወላጆቹ ያንን ድብልቅልቅ ያለ ነገር ቢሰሙ የቀሩትንም ይወስዱብናል ብዬ ፈራሁ፤ ደግሞ፣ እውነቱን ልናገር፣ እንዲጨበጨብልኝ ፈልጌ ነበር። ገጹን በቀይ እስክሪብቶ አረምኩት። ኦሮምኛው ወጣ። አዮ «ውድ እናቷ» ሆነች። አባ ኮዳው በሥራው ተጸጽቶ እናትየዋን መለሰ፣ ልጅቷም ደስ ብሏት ኖረች፤ መጨረሻው ላይ «ስለዚህ ልጆች፣ ወላጆቻችንን እናክብር» የሚል ጨመርኩበት። ያንን በንጹሕ ወረቀት ገለበጥኩና፣ እናቴ ቀዩን እንዳታይ ዋናውን ገጽ ቀድጄ ከሰሉ ላይ ጣልኩት። ደቂቃም አልፈጀ።

በወላጆች ቀን የሌንሳ እናት የግማሽ ቀን ፈቃድ ወስዳ፣ የፋብሪካ ጋዋኗን እንደለበሰች መጥታ በሩ አጠገብ ተቀመጠች። ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩ። ተጨበጨበ። የሌንሳ እናት ሳቀች፣ ዓይኗንም ጠረገች። «አንቺ ነሽ ይህን ሁሉ ያልሽው? ጎበዝ!» አለቻት ልጇን።

ሌንሳ ግን እኔን ነበር የምታየው። «ካን ኮ ሚቲ» አለች። የኔ አይደለም። አልተቆጣችም፣ አላለቀሰችም። እናቷ አፍራ ነው ብላ አቀፈቻት።

በማግስቱ ምሽት ከሰሉ ተቀጣጠለ፣ እሸቱም ተጠበሰ፤ የሌንሳ ተራ ሲደርስ ግን እጆቿን ከኋላዋ ደበቀች። እማማ ዘይነባ እስከ መጨረሻው ጠበቀቻት። እኔ ቁጣ ስጠብቅ ቆየሁ፤ ቁጣ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ልጆቹ ሁሉ ሲሄዱ ፍሙን በአመድ እየሸፈነች «እናትየዋ እኮ ልትሰማ ነበር የመጣችው» አለችኝ።

ከዚያ በኋላ ከእናቴ የለቀቀ ልጅ የለም። ወላጆቹ በንባቡ ረክተው ነበርና ውሸቴ ሠራ ማለት ነው። ሌንሳ ግን ትምህርት እስኪዘጋ አንድ ቃል አልተናገረችም። ሰኔ መጨረሻ ላይ እናቷ ሻንጣ ይዛ መጥታ እናቴን ስትሰናበታት በሩ ላይ ቆሜ ሰማሁ። «መቼም አማርኛውን እንዲህ አሳምራ ይዛዋለች። ተረቷንም ሰማሁት፣ ምንም የከፋት ነገር የለም። አያቷ ዘንድ አትቸገርም።» ወረቀቱን ሰጥቻት ስለነበር አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከትታዋለች። ያኔ መናገር እችል ነበር። ግን ከበሩ ፈቀቅ አልኩላቸው፤ ሌንሳ የእናቷን ጋዋን ይዛ ወጣች።

ዛሬ በእናቴ ዱካ ላይ የምቀመጠው እኔ ነኝ። እማማ ዘይነባ አርፋለች፣ አላህ ይርሐማት። አዲስ የሚቀጠሩት መምህራን ልጅ ሲሳሳት መቼ ነው የምናርመው ብለው ሲጠይቁኝ ብዙ የተዘጋጀ መልስ አለኝ፤ ይህን ታሪክ ግን ነግሬያቸው አላውቅም። ወደ ላንጋኖ ስንሄድ መኪናው አዳሚ ቱሉን ሲያልፍ መንገድ ዳር የቆሙ ወጣት ሴቶችን ፊት አያለሁ። አሁን ባገኛትም አላውቃትም።

ባለፈው ክረምት ለልጆቹ ላነብላቸው ብዬ ተረቷን እንደገና ልጽፈው ተቀመጥኩ። በእጄ የቀረው አዮ፣ ሂን ቤኩ፣ ካን ኮ ሚቲ ብቻ ነው፤ ከላይ የተረኩላችሁም ጉዳዩን እንጂ አነጋገሯን አይደለም። አነጋገሯ ከሰሉ ላይ ቀርቷል። ዓይኔን ጨፍኜ ያንን ምሽት አመጣዋለሁ፤ ላባውን አየዋለሁ፣ ፋኖሱን አየዋለሁ፣ ትንሿ አፍ ስትከፈትም አያለሁ። ከዚያ የሚሰማኝ የዘጠኝ ዓመቷ ጉረኛ ድምፅ ነው፣ አንድ ቃል ሳይስት፦ «ውድ እናቷ…»