እርጥቡ ጭድ

ሰሞኑን ሉማሜ መግቢያ ላይ መንገዱን አፍርሰው እየሠሩት ነው። የሬንጁ ሽታ ቤቴ ድረስ ይመጣል። ቁጭ ብሎ መዋል አቃተኝና ዛሬ ወጣሁ። አንድ ወጣት መሐንዲስ ከከረጢት ቃጫ የመሰለ ነገር ወደ ማሽኑ ያስገለብጣል።

«ምን ያደርግላችኋል?» አልኩት።

«ሬንጁን አጥብቆ ይይዘዋል፣ እማማ። በፀሐይ አይፈስም፣ አይሰነጠቅም።»

ሳቄ መጣ።

በጣሊያን ጊዜ አባቴ ከዚህ ብዙ በማይርቅ ቁልቁለት ላይ በግዳጅ ሬንጅ ያፈሉ ነበር። ግንቦት እየተገባደደ፣ ጎረቤቱ ሁሉ እያረሰ፣ የእኛ በሬዎች ደጅ ቆመው ያመነዥካሉ። እኔ የቆመ በሬ ሳይ ያንገበግበኛል። የፈሰሰው ሬንጅ ደግሞ ቀትር ላይ እየቀለጠ ቁልቁል ይንሸራተታል። ካቦው፣ የሠራተኞቹ አለቃ ጣሊያን፣ ይህ ሳይይዝ ማንም አይለቀቅም ብሏል።

አንድ ቀን የዳጉሳ ቂጣ በተልባ ይዤላቸው ሄድኩ።

«አባዬ፣ ይሄ እኮ ጭድ ያልገባበት ምርግ ነው!»

«ዝም በይ፣ ይሰሙሻል።»

«ይስሙኛ! እርሻው ሊያልፍዎት አይደል?»

አስተርጓሚው ለካቦው ነገረው። ካቦው ሳቀ። «ለበሬ ነው ለመንገድ? ይልሻል» አለኝ አስተርጓሚው። ቢሆንም ቸግሮታልና ጭዱን አምጪ አለ።

እኛ አገር ለምርግ የሚሆን ጭድ ውሃ ጠጥቶ ማደር አለበት። እንደ ደንቡ የጤፍ ጭድ በውሃ ነክሬ አሳድሬ፣ ውሃው በጀርባዬ እየተንጠባጠበ በስልቻ ተሸክሜ ደረስኩ። ካቦው ጥላ ሥር ነበር። ሠራተኞቹ ሁሉ ቤት መርገው የሚያውቁ ናቸው፤ እርጥብ ነው ያለ የለም። አባቴ ስልቻውን የሚንተከተከው በርሜል ውስጥ ገለበጡት።

በርሜሉ አገሳ። ሬንጁ እንደ ወተት ገንፍሎ እሳቱ ላይ ፈሰሰ፤ ጥቁር ጭስ ቁልቁለቱን ዋጠው። ካቦው ይጮኻል፣ ሠራተኞቹን የሚጠብቁት ወታደሮች ሌሎቹን በርሜሎች ለማዳን ይራወጣሉ። በጭሱ መሀል አንድ እጅ ክንዴን ጨመደደኝ።

«አባዬ፣ አበላሸሁት!»

«ሩጪ፣ አንቺ!»

ገደሉን ወረድን። የሌሎቹም ሠራተኞች ኮቴ ከኋላችን ይሰማ ነበር። በዚያ ክረምት አባቴ በይጁቤ በኩል አጎቴ ዘንድ ተሸሽገው ጤፋቸውን ዘሩ።

ዛሬ መሐንዲሱን «ደረቅ ነው?» አልኩት።

«እንዴታ! እርጥብ ከገባማ ገንፍሎ ይፈጀናል።»

ይህን እኔም ነፃ ከወጣን በኋላ ሁለተኛ ደረጃ ስማር ገብቶኛል። ያኔ ባውቅ ኖሮ ጭዱን ፀሐይ ላይ አሰጣው ነበር፤ ቁልቁለቱም ይይዝ ነበር። ከዚያ አባቴን ወደሚቀጥለው ቁልቁለት ይወስዷቸው ነበር። ጥሩ ሬንጅ የሚያውቅ ሰው ማን ይለቃል?